የአንባቢው ከዘራ

ዳኛ ሐብተ ማርያም ከመንበረ ዳኝነት በጡረታ ከተሰናበቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፋቸውም፣ የጎንደር ቁስቋም ሰፈር ሰው ዛሬም «ዳኛው» እንጂ ሌላ ስም አልሰጣቸውም። እሳቸውም ሌላ ስም አልፈለጉም። ጠዋት ጠዋት ካፖርታቸውን ደርበው፣ ክራባታቸውን አጥብቀው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይወጣሉ፤ ሲመለሱም በረንዳቸው ላይ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣሉ። አቤቱታ የሚያጽፍ፣ ውል የሚያስመረምር፣ የኑዛዜ ቃል የሚያስተካክል ሁሉ ወደዚያች በረንዳ ይመጣል። ዋጋ አይቀበሉም። «እንደ ዳኛው ያለ ጽሑፍ የሚጽፍ የለም» ሲባል ግን ይሰማሉ፤ እንዳልሰሙ ሆነው።

በግንቦት ስምንት ቀን ጠዋት ከበረንዳው ሥር ሁለት ሰዎች ቆመው አገኙ። አንደኛው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ፣ ፊታቸውን የደጋ ብርድ ያጠቆረው ሽማግሌ ነበሩ። ሁለተኛዋ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ አንድ ረጅም ነገር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው የታቀፉ ሴት ነበሩ። ዳኛው ወዲያው አወቋቸው። ባለፈው ታኅሣሥ ከዳባት ወዲያ ካለው ደጋ፣ ከጓሳ ሜዳ ሚካኤል ደብር ደጅ በክብር የተቀበሏቸው አያ ማሩና ወይዘሮ ሐረገወይን ናቸው።

«ግቡ፣ ግቡ እንጂ! መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ሁለት ቀን ተዘግቶ ትናንት ተከፈተ» አሉ አያ ማሩ። «ማኪናው ሰውና ፍየል አንድ ላይ ጭኖ አመጣን።»

«ፍየሎቹ ከእኛ አብልጠው ሳይከፍሉ አልቀሩም» አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን። «እነሱን ነው ያስቀመጧቸው።»

ዳኛው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ግን አያ ማሩ ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ሲያወጡ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ወረቀቱን ገና ሳይፈታ አወቁት። እሳቸው ናቸው የጻፉት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አቶ ፋንታሁን የሚባሉ የአራዳ ገበያ እህል ነጋዴ በስማቸው ካለው ትልቅ ድርጅት ሥር «የደጋ ዘር» የሚባል ትንሽ ድርጅት ከፈቱ፤ ለእህታቸው ልጅ ለአብዮትም ሰጡት። የጓሳ ሜዳ ነጭ ገብስ በዘርነቱ የታወቀ ነው። አብዮት ደጋ ወጥቶ ለአርባ አባወራዎች «ምርጥ ዘራችሁን በታኅሣሥ ስጡኝ፤ በማክሰኝት መስኖ አባዝቼ፣ አንድ ኩንታል ለሰጠ በግንቦት አንድ ተኩል እመልሳለሁ» አላቸው። ገበሬዎቹ ልጁን አላመኑትም። «አጎትህ ዋስ ይሁኑ» አሉት። አቶ ፋንታሁንም ወደ ቁስቋም በረንዳ መጡና፣ «ጋሼ፣ ሰዎቹ እንዲያምኑ፣ እኔ ደግሞ በግዴታ እንዳልታሰር አድርገው አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ሲሉ ለመኑ። የሕግ ሰዎች እንዲህ ያለውን የማስተማመኛ ደብዳቤ ይሉታል።

ዳኛው ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ቃል ሲመዝኑ፣ ሲያነሡና ሲጥሉ፣ ከብዙ ዘመን ወዲህ ያልተሰማቸው ደስታ ተሰማቸው። በመጨረሻም እንዲህ ብለው ጻፉ፤

«የደጋ ዘር ድርጅት የገባቸውን ግዴታዎች ሁሉ ለመወጣት በሚያስችለው አቋም ላይ ዘወትር እንዲገኝ መከታተል የድርጅታችን የጸና መመሪያ ነው። ስለዚህም የተከበራችሁ የጓሳ ሜዳ ገበሬዎች በሙሉ እምነት እንድትረጋጉ በትሕትና እናስታውቃለን።»

አቶ ፋንታሁን አንብበው የዳኛውን እጅ ሳሙ። ቀጥለውም ሌላ ልመና ለመኑ፤ በጓሳ ሜዳ ደብር፣ ሕዝብን የሚነካ ደብዳቤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በታመነ ሰው አፍ ይነበባል። አንባቢውም ዳኛው እንዲሆኑ ገበሬዎቹ ራሳቸው ጠይቀዋል። ዳኛው ሄዱ። በታኅሣሥ ሚካኤል፣ ከትልቁ የወይራ ዛፍ ሥር ቆመው፣ በችሎት ድምፃቸው አነበቡት። አቶ ፋንታሁንም ከሕዝቡ መካከል ተቀምጠው ሰሙ። ንባቡ ሲያልቅ አያ ማሩ ወደ ፊት ወጥተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ዳኛ፣ ከዘራዎን ይተዉልን» አሏቸው። ከዘራው ከወይራ የተሠራ፣ አንገቱ ላይ የብር ቀለበት ያለው፣ ሥራ ሲለቁ ጓደኞቻቸው የሸለሟቸው ነበር። ዳኛው ጥቂት አመነቱ፤ ነገር ግን ሕዝብ ለመታሰቢያ ሲጠይቅ መንሳት ነውር ነውና ሰጡ። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ለልጃቸው ለየትነበርሽ፣ «ሰዉ ከዘራዬን ለመታሰቢያ ወሰደው እኮ!» ብለው አጫወቷት። በማግስቱ ከገበያ ሌላ ከዘራ ገዙ።

አሁን አያ ማሩ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ «አብዮት የለም፤ ጠፋ» አሉ። «የማክሰኝቱ መጋዘን ቁልፍ ነው። በመስኮት ብናይ አይጥ እንኳ ጥሎት ሄዷል። ዘሩን በዋጋ ሸጦታል አሉ።»

«አቶ ፋንታሁንስ ምን አሉ?»

«ደብዳቤውን አንብቡት አሉን።»

«ልጄ አሥር ጊዜ አነበበችው» አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ‹እማዬ፣ ያምራል፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም› አለችኝ።»

«ሰኔ ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አሉ አያ ማሩ። «ለመብል የቀረችውን ገብስ በልተናታል። ዘር የለንም። አርባ ቤት፣ ዳኛ። ያልዘራ ከርሞ ምን ይላል? ልጆቹን ይዞ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ለቅጥር ይወርዳል።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለባለጉዳይ እንደሚያስረዱት ሁሉ፣ ድምፃቸውን ዝግ አድርገው፣ ቃል በቃል አስረዱ። በሕጋችን ዋስትና አይገመትም፤ በግልጽ መነገር አለበት። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ልክም በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ግን «ዋስ» የሚል ቃል የለም፤ የኩንታል ቁጥርም የለም። ያለው ስለ አንድ ድርጅት መመሪያ የተነገረ ቃል ነው። መመሪያን ማስታወቅና ግዴታን መቀበል ደግሞ ሁለት ናቸው።

አያ ማሩ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሸጋ ነው። እንዲህ ሲያስረዱን እኮ ይገባናል። ምነው ያን ለት እንዲህ አላሉንም?»

ወይዘሮ ሐረገወይን ጥያቄው ዳኛውን እንዳያሳፍራቸው ይመስል የማዳበሪያውን ከረጢት ይፈቱ ጀመር። ከውስጡ የወጣው ያ ከዘራ ነበር። ቅባት ተቀብቶ ከቀድሞው ይልቅ ያበራል።

«ይህ ለመታሰቢያ...» አሉ ዳኛው።

«የምን መታሰቢያ?» አሉ አያ ማሩ በቅንነት ተገርመው። «እኛ ዘንድ ቃል ያነበበ ሰው ከዘራውን ይተዋል። ቃሉ ሲፈጸም ደብሩ ከዘራውን በምስጋና ይመልስለታል። ቃሉ ከተሰበረ ደግሞ ወስደን ከደጁ እናቆመዋለን። በሚቀጥለው ሚካኤል ከዘራውን ይዞ ከመጣ፣ ቃሉን ይዟል ማለት ነው። ካልመጣ የሚሰድበው የለም። ብቻ ከዚያ ወዲያ ለዋስነትም ለምስክርነትም ስሙ አይጠራም።»

«አያ ማሩ፣ እኔ ይህን ልማድ አላውቅም ነበር! ሰው ባላወቀው ነገር አይታሰርም።»

«እኛም የደብዳቤውን አናውቅም ነበር፣ ዳኛ» አሉ አያ ማሩ። ቃሉ ነቀፋ አልነበረበትም፤ ይህም ለዳኛው ከነቀፋ ባሰባቸው።

ሊሄዱ ሲነሡ ወይዘሮ ሐረገወይን ከደረጃው ላይ ዘወር አሉ። «ባሌን አያስታውሱትም። ታከለ ይባል ነበር። በድንበር ጉዳይ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም ፈርደውበታል።»

«ፈርጄበት? ታዲያ እንዴት እኔን አንባቢ አድርጋችሁ ጠየቃችሁ?»

«ከፈረዱበት በኋላ ጠርተው ለምን እንደተረታ እስኪገባው ድረስ አስረዱታ! ቤት ገብቶ ‹መሬቱን ወሰዱብኝ፤ ግን ያ ሰው አያታልልም› አለኝ። እሱን ይዤ ነው ለደብሩ ሽማግሎች የእርስዎን ስም ያነሣሁት።»

ከዘራው ከበሩ መቃን ጋር ተደግፎ ቀረ።

በምሳ ሰዓት የትነበርሽ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ አባቷን ምግብ ሳይነኩ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የትነበርሽ ሕግ ታስተምራለች፤ ሕጉንም መጀመሪያ የተማረችው ከዚሁ በረንዳ ነው። የሆነውን ሁሉ ሰማች፤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«አባባ፣ ቀዳዳ የለውም» አለች። «ለፈተና ላወጣው እችላለሁ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል ለሳምንት በበቃቸው ነበር። «መከራከሪያ የለውም ነው የምትይኝ?»

«መከራከሪያማ አለው። በሌላው ዓለም እንዲህ ባለ ደብዳቤ ላይ ዳኞች ሁለት ሆነዋል። አንዱ ‹የንግድ ሰው በከንቱ አይጽፍም፤ ከጻፈ ቃል ገብቷል› ይላል። ሌላው ‹ስለ ዛሬ አሠራሩ ተናገረ እንጂ ስለ ነገ ቃል አልገባም› ይላል። እኛም ዘንድ ውል በቅን ልቦና ይተረጎማልና፣ ‹ዋስትና ባይሆን ራሱን የቻለ ግዴታ ነው› ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። ይረታል ብዬ ግን አልምልም። ከይግባኙ ጋር ሁለት ዓመት ይፈጃል።»

«ሰኔ ሁለት ዓመት አይጠብቅም።»

«አይጠብቅም።» ደብዳቤውን አጠፈችው። ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን ጠይቃ በማታውቀው ዐይነት ድምፅ ጠየቀቻቸው። «ሲጽፉት ገበሬዎቹ ምን ብለው እንደሚረዱት ያውቁ ነበር?»

ዳኛው ወደ ከዘራው ተመለከቱ። ዐርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሌሎችን ሲጠይቁ ኖረዋል፤ መላሾቹ እንዴት እንደሚያልባቸውም ያውቃሉ።

«አውቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ባላውቅማ ሁለት ቀን ባልፈጀብኝ።»

በማግስቱ ወደ አራዳ ወረዱ። አቶ ፋንታሁን ከመደብራቸው በር ላይ፣ ከባስኩላው አጠገብ ቆመው ጤፍ ያስመዝኑ ነበር። ዳኛውን ባዩ ጊዜ ወንበር አስመጡ፤ አቧራውንም በገዛ መሐረባቸው ጠረጉ። ከአምስት ወር ወዲህ ከስተዋል።

«የደጋ ሰዎች እርስዎ ጋ መጡ አሉ» አሉ አቶ ፋንታሁን። «እኔ ዘንድማ ወሬ እንጂ ምን አገኛሉ? ጋሼ፣ ልጁ እኔንም ዘርፎኝ ነው የጠፋው። እህቴ ደግሞ ‹ልጄን አባረርክብኝ› ብላ ቀን ከሌት ታለቅሳለች። ሁለቱ የጭነት ማኪኖቼ በቆላው በኩል መንገድ ተዘግቶባቸው ወር ሙሉ ቆመዋል።»

«አዝናለሁ፣ ፋንታሁን። ከልቤ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ ሆኜ ምን እንድከፍል ይፈልጋሉ? እንዳልታሰር አድርገው ይጻፉልኝ አልኩ፤ ጻፉልኝ። እጅዎን ይባርከው! አሁን ያ እጅ ሊያስረኝ ነው?»

«ልከስህ አልመጣሁም። ሕጉ ካንተ ጋር ነው፤ ይህን ለእነሱም ነግሬአቸዋለሁ። የመጣሁት ሚካኤል ለት ደጋ እንደምወጣ ልነግርህ ነው። ደብዳቤውን እንደገና አነበዋለሁ።»

«ተነቧል እኮ!»

«የተነበበው ንባቡ ነው። ትርጓሜው ቀርቷል።»

አቶ ፋንታሁን የጎንደር ልጅ ናቸውና ነገሩን ማንም ሳያብራራላቸው ተረዱት። በጉባኤ ቤት ሥርዓት መምህር መጀመሪያ ንባቡን ያሰማል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቃል እያነሣ ምሥጢሩን ይፈታል። ንባብ ብቻ ሰምቶ የሄደ ተማሪ ተማረ አይባልም።

«‹እንዳልታሰር› ያልኩዎን ሊነግሯቸው ነው?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጋሼ፣ አባቴ እዚያ ደብር ነው የተቀበሩት።»

«ስላንተ አልናገርም። ስለ ራሴ ነው የምናገረው።»

«እርስዎ ምን አለብዎ? ምን አግብቶዎት?»

«ከዘራዬ» አሉ ዳኛው፤ ተነሥተውም ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ከጓሯቸው ያለውን የባሕር ዛፍ ተክል ሲመለከቱ ቆዩ። ጡረታ በወጡ ዓመት የተከሉት፣ ለየትነበርሽ ቤት መሥሪያ ያቆዩት ነበር። የትነበርሽ ከኋላቸው መጥታ ቆመች።

«ይሽጡትና ዘር ይግዙበት፣ አባባ» አለች። «ቤት ኋላም ይሠራል።»

የግንቦት ሚካኤል ዕለት፣ ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ከወይራው ሥር በተሰበሰበ ጊዜ፣ ዳኛ ሐብተ ማርያም ከዘራቸውን ይዘው ከየትነበርሽ ጋር መጡ። ከሕዝቡ መካከል የእፎይታ ድምፅ ተሰማ። አያ ማሩ ራሳቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው አማተቡ። ዳኛው ግን ገና ምስጋናው ሳያልቅ እጃቸውን አነሡ።

«አታመስግኑኝ። በታኅሣሥ አንድ ደብዳቤ አንብቤላችሁ ነበር። ትርጓሜውን ሳልነግራችሁ ሄድኩ። ዛሬ ልነግራችሁ ነው።»

ወረቀቱን ዘረጉ። ልክ እንደዚያ ቀን፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ በዚያው ድምፅ አነበቡ።

«‹የድርጅታችን የጸና መመሪያ ነው› ይላል። ትርጓሜው፦ ዛሬ አሠራራችን እንዲህ ነው ማለት ነው። ነገም እንዲህ እናደርጋለን ማለት አይደለም።

‹በሙሉ እምነት እንድትረጋጉ› ይላል። ትርጓሜው፦ እናንተ እመኑ፤ እኛ ግን አልታሰርንም ማለት ነው።

‹ዋስ› የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች የለም። የኩንታሉም ቁጥር የለም። ረስቼው አይደለም። ሁለቱ ካልተጻፉ ማንም በዋስነት እንደማይጠየቅ ስለማውቅ ነው የተውኳቸው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም ገመድ መስሎ እንዲታይ፣ ነገር ግን ማንንም እንዳያስር አድርጌ ነው። ስታምኑኝ አይቼ ዝም አልኩ።»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ «ይህን ለመጻፍ ነው ይህን ያህል ዘመን የተማሩት?» አሉ። የሳቀ አልነበረም። ዳኛው ወገባቸውን እንዳቀኑ ቆሙ።

በዚህ ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። አቶ ፋንታሁን ናቸው። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ሰላምታ ግን አልሰጣቸውም። ከአባታቸው መቃብር ዘንድ ቆም ብለው ተሳልመው፣ ወደ ወይራው መጡ።

አያ ማሩ ዐይናቸውን ከእሳቸው ላይ አላነሡም። «አያ ፋንታሁን፣ እንኳን ደኅና መጡ። ዳኛው ትርጓሜውን ነገሩን። እርስዎስ ያን ለት እዚህ ተቀምጠው ሲነበብ ምን ብለው ሰሙት?»

አቶ ፋንታሁን ዳኛውን አዩ፤ ዳኛው ግን ሊረዷቸው አልሞከሩም። ነጋዴው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔ ያዘዝኩት እንዳልታሰር ነበር» አሉ። «እዚህ ቁጭ ብዬ በዳኛው ድምፅ ሲነበብ ስሰማው ግን፣ እናንተን እያየሁ... ቃል የገባሁ ነበር የመሰለኝ። ተነሥቼ ስሄድ ‹ዋስ ሆንኩ› ብዬ ፈራሁ። ኋላ ወረቀቱን ሳየው አልሆንኩም ነበር። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አባቴን ልሳለም እንኳ እዚህ አልወጣሁም።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል የአባቶች ተረት» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«የወለዱትማ ጠፋ» አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን። «የእህታቸው ልጅ እኮ ነው የጠፋው። ያላገኘነው ገብሱን ነው።»

ከቅዳሴው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ተሰማ። አቶ ፋንታሁንም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

ዳኛው ከወይራው ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ንጹሕ ወረቀት አወጡ። የትነበርሽ ቦርሳዋን በጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው፤ በዚያ ላይ ተደግፈው ጻፉ። ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም፤ ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ጽፈውም ለሁሉ እንዲሰማ አነበቡ።

«እኔ ሐብተ ማርያም ለጓሳ ሜዳ አርባ አባወራዎች ለተወሰደባቸው ዘር ዋስ ነኝ። የምጠየቀው እስከ አሥራ አምስት ኩንታል ነጭ የገብስ ዘር ነው። እስከ ግንቦት ሃያ አምስት ቀን እዚህ ደጅ አስረክባለሁ።» ቀና አሉ። «ትርጓሜ አያሻውም። ያልገባው አለ?»

«ገብቶናል» አሉ አያ ማሩ።

ዳኛው ፈረሙ። ከሥሩ ባዶ ቦታ ትተው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አኖሩት፤ ለማንም አልዘረጉትም። ከዚያ አቶ ፋንታሁን ተጠጉ።

«ስንት ቀረ?»

«አብዮት የወሰደው አርባ ኩንታል ነው። ቃል የገባውን የግማሽ ጭማሪ ትተንልዎታል» አሉ አያ ማሩ። «ሃያ አምስት ቀረ።»

«ሃያ።»

«አያ ፋንታሁን! የሚካኤል ደጅ እኮ ነው፤ አራዳ አይደለም!»

«መደብሬን ዘግቼ ልሂድ ነው የምትሉኝ? ሃያ አንድ።»

«አባትዎ እንግዳ ሲመጣባቸው ሙክት ነበር የሚጥሉ» አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ሁሉ ወደ መቃብሩ እያዩ።

አቶ ፋንታሁን በረጅሙ ተነፈሱ። «ሃያ ሁለት። ከዚህ በላይ በእውነት የለኝም፤ ያለኝን ነው የምጽፈው። የማልችለውን ጽፌ ሁለተኛ አላታልላችሁም።»

ይህን የተናገሩበት ድምፅ የገበያ ድምፅ አልነበረም፤ ሁሉም ለዩት። አያ ማሩ ሽማግሎቹን ዘወር ብለው አዩ። «ሦስቱን ከየጎታው ጥራጊ እንሞላለን» አሉ። «ይጻፉ።»

አቶ ፋንታሁን በገዛ እጃቸው «ዋስ ነኝ» ብለው ጻፉ፤ «ሃያ ሁለት» የሚለውንም በፊደልና በአኃዝ ጻፉት። የትነበርሽና ሁለት ሽማግሎች ምስክር ሆነው ፈረሙ።

አያ ማሩ ወረቀቱን በዚያው በአሮጌው ላስቲክ ጠቅልለው ሲያበቁ፣ ወደ ዳኛው ተመለከቱ። «እንግዲህ ከዘራዎን ይዘው ይግቡ። እኛ አምነናል።»

ዳኛው ከዘራውን ጥቂት ጊዜ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቅባት የጠጣውን እንጨት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ለአያ ማሩ ሰጧቸው።

«ገብሱ ገና አልገባም» አሉ። «ያን ለት የሰጠኋችሁ ሳላውቅ ነው፤ አይቆጠርም። የሰጠኋችሁ ዛሬ ነው።»

አያ ማሩ ተቀብለው ሳሙት፤ ከወይራው ግንድ ላይም አቆሙት።

ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ቁልቁለቱ ጠጠር የበዛበት ነው። ከገበያ የገዙት ሌላው ከዘራ ቁስቋም ቀርቷል። ዳኛ ሐብተ ማርያም እንደ ወትሯቸው ቀጥ ብለው አሥር ያህል እርምጃ ወረዱ። ከዚያ ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ሲንሸራተት ቆሙ፤ በሕይወታቸው ሙሉ አድርገው የማያውቁትንም አደረጉ። እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

ወይዘሮ ሐረገወይን ከላይ ሆነው ተጣሩ። «ዳኛ! ገብሱ ከፈጠነ ከዘራውም ይፈጥናል!»

«ባሕር ዛፍ ቆራጮቹ ነገ ጠዋት ይገባሉ!» አሉ ዳኛው፣ ሳይዞሩ፤ የትነበርሽንም ተደግፈው ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወረዱ።